የቄስ ቢተው ፍቺና የሞላ ቤት

ቄስ ቢተው ሰው ሲያስታርቁ ያየ ሁሉ፣ እኒህ ሰው ለራሳቸው ጉዳይ አንዲት ነገር መወሰን አይችሉም ቢሉት አያምንም። በመካነ ሰላም ባልና ሚስት ሲኳረፉ፣ ወንድማማቾች በድንበር ሲካሰሱ፣ የአንዱ በግ የሌላውን ጎመን ሲጨርስ የሚጠሩት እሳቸው ነበሩ። ጋቢያቸውን አጣፍተው ይመጣሉ፣ ግራ ቀኙን ይሰማሉ፣ ከዚያ ዝም ይላሉ። ዝምታቸው ሲረዝም ጥፋተኛው ራሱ ይናዘዝና ነገሩ ያልቃል። የራሳቸው ጉዳይ ሲሆን ግን ሌላ ሰው ይሆናሉ። ጫማ ሊገዙ ወጥተው፣ ገበያተኛውን ሁሉ «ይሄ ይሻለኛል ወይስ ያኛው?» ብለው ጠይቀው፣ ሻጩ ዕቃውን ሲሸክፍ አሮጌውን ጫማ እንዳደረጉ የተመለሱበት ገበያ ብዙ ነው።

ሚስታቸው በለጥሻቸው ናት። ባሏን አንቱ እያልን እሷን አንቺ የምንላት ከንቀት አይደለም፤ ዓይናችን ሥር ያደገች የከተማው ልጅ ስለሆነች ነው። ስሟንም አሳጥረን በለጡ እንላታለን። በለጡ ቅቤ ትነግዳለች። ከወግዲ የመጣ ቅቤ ገና ከቅሉ ሳይወጣ ሙዝ እንደተቀላቀለበት ወይም እንዳልተቀላቀለበት በአፍንጫዋ ብቻ ትናገራለች፤ አጭበርባሪ ሁሉ እሷን ሲያይ መንገድ ይቀይራል።

ቤታቸው ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ያለች ሁለት ክፍል ነች። ሁለት ክፍል የምንላት ለቄሱ ክብር ብለን ነው እንጂ፣ ሁለተኛው ክፍል በመጋረጃ የተለየ ጥግ ነው። ሲጋቡ በቂ ነበረች። ኋላ ልጅ በላይ በላዩ መጣ። ቀጥሎ የቄሱ እናት እማሆይ ወርቂቱ ዓይናቸው ሲደክም ከገጠር ተሰብስበው መጡ። በሰባ ስምንት መጨረሻ ደግሞ የትልቋ ልጅ የአመለወርቅ ባል ለብሔራዊ ውትድርና ተወሰደና፣ መንታ ልጆቿን አንዱን አቅፋ አንዱን አዝላ አባቷ ቤት ገባች። ከዚያ ወዲህ የዚያ ቤት ሰው እንዴት እንደሚተኛ ያየ የለም፤ ለማየት የሚገባ ሰው የሚቆምበት ቦታ ስለሌለ። አንዱ ሲገላበጥ ሁሉም ይገላበጣል፣ እማሆይ «ዙሩ» ብለው ያዝዛሉ እየተባለ ይታማ ነበር። ሐሜቱን የፈጠርነው እኛ ጎረቤቶች ነን፤ ግን ሩቅ አልሄድንም።

በሰባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት፣ ከጥምቀት በኋላ፣ ነጋዴው ሞላ ቤቱን ሽጦ ደሴ ሊጠቀለል ነው የሚል ወሬ ወጣ። የሞላ ሚስት የደሴ ልጅ ናት። ብርዱ አልተስማማኝም እያለች ዓመታት ቆየችና በመጨረሻ ብርዱን ትታ ባሏን አሸነፈች። ቤታቸው አራት ክፍል፣ ሙሉ ቆርቆሮ፣ ግድግዳው በኖራ የተለሰነ፣ ለየክፍሉ መዝጊያ ያለው ነው። በለጡ ቅቤ ልታደርስ ስትሄድ ቤቱን ዞራ እንድታይ ፈቀዱላት። የመጨረሻው ክፍል ስትደርስ ገባችና መዝጊያውን ከውስጥ ዘጋችው። ቆየች። የሞላ ሚስት ግራ ገብቷት አንኳኳች፤ ምን ሆንሽ ብላ ጠየቀቻት።

«ምንም አልሆንኩ» አለች በለጡ ከውስጥ። «ዝም ሲል እየሰማሁ ነው።»

ይህን ለከተማው ያወራችው የሞላ ሚስት ናት። አሥቃን ነበር። በኋላ ግን የሳቅነው ሰዎች በየቤታችን የሚዘጋ በር እንዳለን ስናስብ ሳቁን ተውነው።

ዋጋው አራት ሺህ ብር ነው። የሰማ ሁሉ ግንባሩን ያዘ። ሞላ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ቤት በአገሩ ጠፍቶ ነው። ከሰባ ሰባቱ ክፉ ቀን ወዲህ ከተማችን በእርዳታ ሠራተኛ፣ በካድሬና በሾፌር ተሞልታለች፤ ሁሉም አልጋ የሚዘረጋበት ይፈልጋል። እንሥራ የሚል ሰው ሚስማር አያገኝም፤ ሚስማር ያገኘ ቆርቆሮ አያገኝም። ከደሴ ቆርቆሮ የጫነ መኪና ሲመጣ ሰው እንደ ሙሽራ አጅቦ ነበር የሚያስገባው። የዛሬ ዓመት ደግሞ ከዚህ ይብሳል ይባል ነበር፤ ስለዚህ ቢገዙም እሳት ነው፣ ባይገዙም እሳት ነው።

ቄስ ቢተው ጥያቄያቸውን ይዘው ወጡ። እንግዛ ወይስ ይቅርብን? ዲያቆኑን ጠየቁ። ልብስ ሰፊውን ጠየቁ። የደሴውን አውቶቡስ ሹፌር ሞተር አስነስቶ እያለ በመስኮት ጠየቁት፤ ተሳፋሪው ተሰላችቶ እስኪጮህ ድረስ። ኃጢአቱን ሊናዘዝ የመጣ የንስሐ ልጃቸውን እንኳ ገና ሳይጀምር ጠይቀውት፣ ሰውየው ስለ ቤት ዋጋ ሲያስረዳ ኃጢአቱን ረስቶ ሄደ ይባላል። ግማሹ ይግዙ አለ፣ ግማሹ ይቅርብዎ አለ። ቄሱም በገቡ ቁጥር የመጨረሻው ሰው ያላቸውን ይዘው ይገባሉ።

በገንዘቡ ነገር ከቄሱ ይልቅ የበለጡ ወንድም አምባቸው ቆራጥ ሆኖ ተገኘ። አምባቸው ደሴ ላይ የጭነት መኪና ይነዳል። ብሩን እኔ አስቀድሜ ልክፈልላችሁ፣ ትንሿን ቤት ስትሸጡ ትመልሱልኛላችሁ፣ የጎደለውን በቅቤሽ ትጨርሺያለሽ ብሎ ላከባት። እንግዲህ የቀረው ቀበሌ ሄዶ መጠየቅ ብቻ ነው ተባለ። ይህን «ብቻ» ያለ ሰው ቀበሌ ሄዶ አያውቅም ነበር።

ሊቀመንበሩ ንጉሡ ክፉ ልጅ አይደለም፤ ክርስትና ያነሱትም ቄስ ቢተው ናቸው። ወንበር ሳበላቸው።

«አንድ ቤተሰብ አንድ ቤት ነው አባ። አዋጅ ነው» አለ። «የሞላ ቤት በስምዎ በዞረ ቀን ትንሿ ትርፍ ቤት ትሆናለች። ትርፍ ቤት ደግሞ የመንግሥት ነው።»

«እንግዲያው ትንሿን አስቀድሜ ልሽጣታ።»

«ይሽጡ። ገዢ ግን ካልለቀቁለት አይከፍልዎትም።»

«ወዴት ልልቀቅ? ሞላ እንደሆነ ሳይከፈለው አያስገባኝ፤ ብከፍለው ደግሞ ቤቱ በስሜ ካልዞረ ገንዘቤን በምን አምኜ እሰጠዋለሁ?»

ንጉሡ ጠረጴዛውን በጣቱ እየጠረገ ቆየ። ወዴት እንደሚለቅቁ ቀበሌው እንደማያውቅ ነገራቸው። ቄሱም ወጥተው በር ላይ ቆሙ፤ እዚያ የነበረውን ዘበኛ ምን ይሻለኛል ብለው ጠየቁት። ዘበኛው እስከ ዛሬ እያሰበበት ነው።

መላውን ያመጣችው ጠላ ሻጯ ብዙዬ ናት። ብዙዬ ከባሏ በቀበሌው ሸንጎ ፊት ከተፋታች ቆይታለች፤ ምሳውን ግን አንድ ቀን አላስቀረችበትም። ከፍቺው ወዲህ ሁለት ልጆች ወልዳለታለች፤ ሁለቱም ቁርጥ እሱን ናቸው። ነገሩ ግልጽ ነው፤ የተፋታ ሰው ሁለት ቤተሰብ ነው፣ ሁለት ቤተሰብ ሁለት ቤት ይኖረዋል። በለጡን ጠላ ቤቷ አስቀምጣ ወረቀት ነው እኮ፣ ወረቀት አይወልድም አይቀብርም አለቻት። ትንሿ ቤት በበለጡ ስም ትሆናለች፣ ቄሱ የሞላን በራሳቸው ስም ይገዛሉ፣ ሁሉም ተጠቃሎ ይገባል፣ ትንሿ ቀስ ብላ ትሸጣለች። ከዚያ ታረቅን ይባላል።

ለሌላ ሰው ቢሆን ነገሩ እዚህ ላይ ባለቀ ነበር። ቄስ ቢተው ግን በቁርባን የተጋቡ ካህን ናቸው። ካህን ሚስቱን ከፈታ መቅደስ መግባቱ ያበቃል፤ ጥምጣሙን አውርዶ እንደማንኛውም ምእመን ውጭ ይቆማል። ይህን ያልተማረውም ያውቃል። እኛ እንግዲህ ነገሩ እዚህ ላይ ይቆማል ብለን ነበር። ቄሱ ግን ሁለት ቀን ሙሉ ሲያወጡ ሲያወርዱ ከርመው፣ ጠዋት ከቅዳሴ ሲወጡ ፊታቸው በርቶ ገቡ።

«በለጡ፣ ያጋባን ማነው?» አሉ።

«ምን ማለትዎ ነው?»

«ያጋባን ሥጋ ወደሙ ነው። ቀበሌ አላጋባንም። ያላጋባን ቀበሌ እንዴት አድርጎ ያፋታናል? ቢጽፍ ቢያትም ባዶ ነው። ስለዚህ እንፋታለን።»

ቀኖናውን በደንብ አውጥተውታል፤ ሊቃውንት ቢሰበሰቡም ስሕተት አያገኙበትም። ማንንም ሳይጠይቁ በራሳቸው የወሰኑት የመጀመሪያው ነገር ይኸው ነው። ምነው በጠየቁ። በለጡ የሞላ ቤት መዝጊያ ነው መሰል ዓይኗ ላይ የመጣው።

ፍቺ ምክንያት ይፈልጋል። እቤት ተቀምጠው ምክንያት ሲፈልጉ ዋሉ። ይመቱኛል ልበል አለች በለጡ። ቄሱ ዶሮ ሲታረድ ፊታቸውን የሚያዞሩ ሰው ናቸው፤ ማን ያምንሻል አሏት። ይሰክራሉ እንዳትል ጠላ እንኳ ያዞራቸዋል። አታከብረኝም ልበል ብለው እሳቸው ሲሞክሩ ልጆቹ ሁሉ ሳቁ፤ የባሏን እግር ሳታጥብ አድራ አታውቅም። በመጨረሻ እማሆይ ወርቂቱ ከመጋረጃው ጀርባ ሳል ብለው ድምፃቸውን አሰሙ።

«ስስታም ነው በይ ልጄ። እሱ እንኳ እውነት ነው።»

የራስን እናት ምስክርነት ማን ያስተባብላል? ግን ይህም ለካህን ነውር ነው ተባለና፣ ዝም ብሎ «አልተስማማንም» በሚለው ተስማሙ።

ሸንጎው ፊት ቀርበው አልተስማማንም አሉ። ሸንጎው ግን ማንንም በአንድ ቀን አያፋታም፤ አስቀድሞ ነገሩን ወደ ሽማግሌ ይመራል። ቄስ ቢተው ይህን ከማንም የበለጠ ያውቃሉ፤ የከተማው ፍቺ ሁሉ መጀመሪያ የሚመራው ወደ እሳቸው ነው። ሽማግሌው ራሳቸው ስለሆኑ ይህን ደረጃ ያለፉት መስሏቸው ይሆናል። ንጉሡ በሸንጎው ላይ ስሞቹን አነበበ፤ አቶ ወልደ ሚካኤል፣ ሼህ ይመርና ጋሼ አልታዬ። ቄሱ ስሞቹን ሲሰሙ ላብ አላባቸው። ሦስቱም ሽምግልናን የተማሩት ከእሳቸው ግራና ቀኝ ተቀምጠው ነው። አቶ ወልደ ሚካኤል በዚያ ላይ የሰበካ ጉባኤ አባል ናቸው። ሼህ ይመር ያላስታረቁት ሰው ቢኖር ራሳቸው ታመው የከረሙ ሰው ናቸው። ጋሼ አልታዬ «ልክ ነው» ከማለት በቀር ብዙ አይናገሩም፤ ግን ማታ ማታ ሚስታቸው የሰሙትን ሁሉ ታወጣቸዋለች፣ ጠዋት ደግሞ ከሚስታቸው እኛ እናወጣለን። ይህ ታሪክ በእጃችን የገባው በዚያ በኩል ነው።

ሽማግሌዎቹ ነገሩን የወሰዱት እንደ ሞት ነው። አገሩን ሁሉ ሲያስታርቅ የኖረ ሰው ትዳሩ ሲፈርስ እያየን ዝም ካልን የማን ሽማግሌዎች ነን ተባባሉ። ባልና ሚስቱ እውነቱን ሊነግሯቸው ደግሞ አይችሉም፤ የሐሰት ፍቺ መሆኑን ያወቀ ሽማግሌ ሸንጎ ፊት ምሎ ሊደብቅ ነው፣ ሼህ ይመርን በቁርኣን አቶ ወልደ ሚካኤልን በወንጌል አስዋሽቶ ቤት መግባት ማን ይፈልጋል?

መጀመሪያ የመጡት ወደ ቤት ነው። ቄሱንና በለጡን በአንድ ገበታ ቀርበው አገኟቸው። አቶ ወልደ ሚካኤል በአንድ ቤት አብሮ የሚያድር ባልና ሚስት ምን ጠብ አለው፣ እንግዲያው ታርቃችኋል፣ ለሸንጎው እንንገር አሉ። ቄሱ ደንግጠው፣ የለም ዛሬውኑ ልወጣ ነበር አሉ። ወጡም። ደበሏቸውን ይዘው ደጀ ሰላም ገቡ። ልጆቹ ግን አንድ ሰው በመቀነሱ እግር መዘርጊያ አገኙና በፍቺው ተደሰቱ።

ወሬው ከዚያ በኋላ በራሱ እግር ሄደ። ሴቶች ቄሱን በመንገድ ሲያዩ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ይስባሉ። የንስሐ ልጆቻቸው አንድ በአንድ ሌላ አባት ያዙ። በሁለተኛው ሳምንት አቶ ወልደ ሚካኤል ለብቻቸው ጠርተው፣ በአክብሮት፣ ነገሩ እልባት እስኪያገኝ ድረስ ከመቅደስ ራቅ ቢሉ ጥሩ ነው አሏቸው። ቄሱ ያን የሚያምር ክርክራቸውን አቀረቡ፤ ያላጋባ እንዴት ያፋታል አሉ። አቶ ወልደ ሚካኤል ሰሟቸውና፣ ቀበሌው አላፋታዎትም ይሆናል፣ እርስዎ ግን ተነሥተው ሄደው ጠይቀውታል አሏቸው። በማግሥቱ እሑድ ቄስ ቢተው ከወንዶቹ ጋር ከውጭ ቆመው አስቀደሱ። የሚያዜሙት ዜማ ከሌላ ካህን አፍ ሲወጣ ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር ይላሉ ያዩ ሰዎች።

ይተዉት እንደሆነ መተው ይችሉ ነበር። ግን የአምባቸው ብር መጥቷል፤ በበለጡ መቀነት ታስሯል። ሞላም ልብሱን አጣጥፎ ጨርሷል፤ ቅዳሜ መኪና ይመጣል፣ እስከ ቅዳሜ እጠብቃለሁ፣ ከዚያ ሌላ ሰው አለኝ አለ። ሌላው ሰው ከአቀስታ የመጣ ባለ መኪና ነው። ከመቅደስም ወጥተው፣ ከቤትም ወጥተው፣ ቤቱም ከሚቀር ይግፉበት ብለው ምስጢሩን የሚያውቁት እነብዙዬ መከሯቸው። ይተዉት የሚልም አልጠፋም።

ሐሙስ ዕለት ሽማግሌዎቹ በለጡን ለብቻ ጠሯት። በአቶ ወልደ ሚካኤል ግቢ፣ ወይራው ሥር ተቀመጠች። የተጠናውን አልተስማማንም አለች። ሼህ ይመር ሳቅ አሉ።

«የሸንጎውን ለሸንጎ ተይለት ልጄ» አሏት። «አብሽሪ፣ የሚሰማሽ እኛና ጌታ ነን። ቄስዬ ምን አድርገውሽ ነው?»

ከዚያ ዝም አሉ። ሦስቱም ዝም አሉ። ይህን የዝምታ ዘዴ ያስተማሯቸው ቄስ ቢተው ናቸው፤ በሚስታቸው ላይ እንደሚሠራ ግን አልታሰባቸውም። በለጡ መጀመሪያ መሬት ጫረች። ቀጥሎ የነጠላዋን ጥለት ፈተለች። ምን እንደምትዋሽ እያሰበች እንደሆነ ለጋሼ አልታዬ ታውቋቸው ነበር። የወጣው ግን ውሸት አልነበረም።

«አጣናዬን ወሰዱብኝ» አለች።

በክፉው ቀን፣ በሰባ ሰባት፣ በቅቤዋ ትርፍ አንዲት ክፍል ልትቀጥል ብላ የገዛቻቸው አጣናዎች ነበሩ። አስልጣ አጥር ላይ አስደግፋ አስቀምጣቸው ነበር። ያን ጊዜ ከቆላው የመጣ ረሃብተኛ በየመንገዱ ይወድቅ ነበር፤ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚመጣው አስከሬን ከሚሸከመው ሰው ይበዛል። ቃሬዛ አለቀ። ቄስ ቢተው አጣናውን ለቃሬዛ አወጡት። ሁላችንም ያየነው ነው፤ ሁላችንም መርቀናቸዋል።

«እኔም መርቄያቸዋለሁ» አለች በለጡ። «ክፉ ሥራ ነው አላልኩም። ቢጠይቁኝ እኔው ተሸክሜ አቀርበው ነበር። ከገበያ ስመለስ አጥሩ ባዶ ነው። እስከ ዛሬ አንድ ቃል አላሉኝም። ለሬሳ የተሰጠን እንጨት እንዴት ብዬ የት ሄደ ልበል? ይህንንም ቤት እንግዛ ወይ ብለው ያልጠየቁት ሰው የለም። የአውቶቡስ ሹፌር ጠይቀዋል። እኔን አልጠየቁኝም። እንፋታ ሲሉም አልጠየቁኝም።»

ጋሼ አልታዬ ልክ ነው ሊሉ አፋቸውን ከፍተው ዘጉት።

የመጨረሻዋን ነገር ልብ አላሏትም እንጂ ቢሉ ኖሮ ሽማግሌዎቹ ሁሉን በደረሱበት ነበር። እነሱ ግን በደስታ ሰክረዋል። ስንት ቀን ሲቆፍሩ እውነተኛ ጠብ አገኙ። የሌለ ጠብ ማስታረቅ አቅቷቸው ነበር፤ ያለ ጠብ ግን ሥራቸው ነው። ለቅዳሜ ጠዋት ቀጠሩ።

ቅዳሜ ጠዋት ሞላ ግቢ የጭነት መኪና ቆሟል። ከአቶ ወልደ ሚካኤል ወይራ ሥር ቁጭ ላለ ሰው የሞላ ቆርቆሮ ፊት ለፊት ይታያል፤ አልጋው፣ ቁም ሣጥኑ፣ ፍራሹ ሲጫን በዓይን ይቆጠራል። የአቀስታው ሰው እጁን ወደኋላ አጣምሮ በር ላይ ይንጎራደዳል። ሞላ ደግሞ በየመሃሉ ወደ ወይራው ይመለከታል፤ እስኪጭን ይጠብቃል፣ ቃሉን ያከብራል።

ቄስ ቢተው ነገሩን የሰሙት እዚያው፣ በሰው ፊት ነው። የአጣናው ነገር ሲነሳ መጀመሪያ የምን አጣና አሉ። ቀስ ብሎ ትዝ አላቸው። ፊታቸው የዋለ አመድ መሰለ።

«ያንቺ መሆኑን ረስቼው ነበር» አሉ። «እንጨት ነው የታየኝ።»

ሽማግሌዎቹ ወግ ነውና ድንጋይ ተሸክመው ይቅር በይኝ ይበሉ ሊሉ ይገባ ነበር፤ ካህን ድንጋይ ይሸከም ወይስ አይሸከም ሲከራከሩ ቄሱ ሳይታዘዙ ራሳቸው ጎንበስ አሉ። መስቀላቸው በአንገታቸው ተንጠልጥሎ መሬት ነካ።

«አፉ በይኝ በለጡ።»

ይህች ቃል እንግዲህ ቀላል አልነበረችም። አፉ ካለች ጠቡ አለቀ፤ ጠቡ ካለቀ ፍቺ የለም፤ ፍቺ ከሌለ የሞላ ቤት የለም። አልልም ካለች ደግሞ ሽማግሌዎቹ አልቻልንም ብለው ለሸንጎ ይመልሳሉ፣ ንጉሡ ቅዳሜም ቢሆን ይጽፍላቸዋል፣ ብሩ ከመቀነቷ ይፈታል፣ ቤቱ የእነሱ ነው። አንዲት «አልልም» ብቻ ነው የሚያስፈልጋት። ለዚያ ነበር የመጡት። ቄሱ ራሳቸው ማታ በአጥር በኩል በልጅ፣ ነገ አልታረቅም እንድትል ልከውባት ነበር፤ አሁን ግን ጎንበስ ብለው ሲለምኑ የምራቸውን ነበር። የማታውን ቄስ ቢተው ትስማ ወይስ የአሁኑን፣ ማን ይንገራት?

በለጡ ቆርቆሮውን አየች። ቄሱን አየች። ጠጉራቸው በጥምጣሙ ሥር መሸበቱን ያየችው ያን ጊዜ ይሆናል፤ ጥምጣሙ ነጭ ስለሆነ አይለይም።

«አፉ ለእግዜር ብያለሁ» አለች።

ቄሱ ቀና አሉ። አፉ መባላቸው አስደስቷቸው፣ አፉ መባላቸው አጥፍቷቸው፣ ፊታቸው የትኛውን እንደሚይዝ ጠፍቶት ነበር። ዞር ብለው ሞላን ጠብቀኝ ሊሉት ፈለጉ፤ ግን ምን ብለውት ይጠብቃቸዋል?

ምርቃቱ ጀመረ። ምርቃት ተጀምሮ አይነሣም። አቶ ወልደ ሚካኤል ከአብርሃምና ከሣራ ተነሥተው ቀስ ብለው ወደታች መጡ። ሼህ ይመር ተቀበሏቸው። ባልና ሚስቱ እጃቸውን ዘርግተው አሜን ይላሉ። ሞላ ከበሩ ሆኖ አያቸው፣ ሽማግሌዎቹ እጃቸውን ሲያነሡ አየ፣ ነገሩ ገባው። ለአቀስታው ሰው ቁልፉን ሲሰጠው ሁሉም ያያል። ሼህ ይመር፣ ጌታ ቤታችሁን ያስፋላችሁ ሲሉ መኪናው ተነሣ፤ በወይራው ጎን ሲያልፍ የሞላ ሚስት ከጋቢናው እጇን አውጥታ ተሰናበተች። በለጡ እጇ ለምርቃት ተዘርግቶ ስለነበር አልመለሰችላትም።

«አሜን» አለች።

የአቀስታው ሰው ቤቱን እንዴት አድርጎ እንዳዞረ አትጠይቁኝ፤ በአክስቱ ስም ነው ይላሉ፤ አክስትየዋ ከሞቱ ቆይተዋል የሚልም አለ። ሊኖርበት አይደለም። በዚያው ሳምንት አራቱንም ክፍል ገብስ ሞላበት። የአምባቸውም ብር በመጣበት አውቶቡስ ተመለሰ።

እርቅ ወግ አለው፤ ሽማግሌዎቹ የታረቁትን በእጃቸው ይዘው ቤት አስገብተው፣ አብረው እህል ቀምሰው ነው የሚለያዩት። አምስቱ ተያይዘው መጡ። እናንተ ውጡና ሽማግሌ ይግባ ተባለና ልጆቹ ግቢ ተበተኑ። ሦስቱ ሽማግሌዎች ገብተው መደብ ላይ ሲቀመጡ መደቡ ሞላ። እማሆይ ወርቂቱ ከመጋረጃው ጀርባ መንታዎቹን ይዘው ተኝተዋል። ለሼህ ይመር ለብቻ እንቁላል ተቀቀለ፣ ለሌሎቹ የዶሮ ወጥ ቀረበ፤ ገበታው ሲገባ ያቺው የቀረችው ወለል ተያዘች። አመለወርቅ ውኃ ይዛ በበሩ አንገቷን ብቻ አስገብታ ታስታጥባለች። በለጡ ምድጃው ጥግ ተጣበቀች።

ቄስ ቢተው መድረኩ ላይ ቆመዋል። አንድ እግራቸው ውስጥ ነው፣ አንድ እግራቸው ውጭ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ወደ ቤታቸው መግባታቸው ነው። ግቡ እንጂ አሉ ሽማግሌዎቹ እየበሉ። ቄሱ ግን ወደ ሽማግሌዎቹ አላዩም። ሰው ሁሉ እስኪታዘባቸው ድረስ ቆመው ቆዩና፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ወደ ምድጃው ዞሩ።

«የት ብቀመጥ ይሻላል ትያለሽ በለጡ?»

እሷን ሲጠይቋት ያን ዕለት ነው የመጀመሪያው። በለጡ ጭልፋዋን አስቀመጠች። በደንብ ልትመልስላቸው ፈልጋ መደቡን አየች፣ ወለሉን አየች፣ መጋረጃውን ገልጣ አየች። እንደገና መደቡን አየች። ቄሱ መድረኩ ላይ ቆመው መልስ ይጠብቃሉ።